አንድ መጽሐፍ፣ ሁለት ፍርድ፦ «የመግደል ጊዜ» አንባቢውን ለምን ይከፍላል?

ሰሞኑን በመኝታ ክፍሎቻችን አንድ ያረጀ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር የተለጠፈ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው። እየተቀባበልን አነበብነው፤ እንግሊዝኛው የከበደውም ከጓደኛው ጋር ሆኖ አነበበው። ታዲያ መጽሐፉ ሲዞር ክርክሩም አብሮት ዞረ። አንድ ማታ እራት ላይ የተጀመረው ሙግት መብራት እስኪጠፋ ድረስ አላባራም። ገሚሳችን «ከያዙት የማያስቀምጡት፣ እውነት ያለበት መጽሐፍ ነው» ስንል፣ ገሚሳችን ደግሞ «ነፍስ ማጥፋትን የሚያሞግስ መጽሐፍ ምኑ ይደነቃል?» አልን።

በመሆኑም ነገሩ የራት ወሬ ሆኖ ከሚቀር፣ መጽሐፉ ምን እንደሆነ፣ አንባቢ በምን በምን ነጥብ እንደሚለያይና የልዩነቱም ምንጭ ምን እንደሆነ በዚህ ዓምድ ማብራራት ይጠቅማል ብለን አሰብን። (በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የአገራችን ሕግ ሲጠቀስ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ይሆናል።)

ደራሲውና መጽሐፉ

መጽሐፉ አሜሪካዊው ጆን ግሪሻም የጻፈው የመጀመሪያ ልብ ወለድ ነው። የእንግሊዝኛው ርእስ «ኤ ታይም ቱ ኪል» ይባላል፤ እኛ «የመግደል ጊዜ» ብለነዋል። ርእሱ የተወሰደው ከመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 3 መሆኑን ብዙዎቻችን ወዲያው አውቀነዋል።

ግሪሻም በ1955 በአርካንሶ ክፍለ ግዛት ተወለደ። በ1981 ከሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመርቆ በዚያው በሚሲሲፒ፣ ሳውዝሄቨን በምትባል ከተማ ጥብቅና ቆመ። በ1983 ደግሞ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ተመረጠ። እሱ ራሱ እንደሚናገረው የልብ ወለዱ መነሻ በ1984 በአንድ ችሎት ላይ የሰማው የምስክርነት ቃል ነው። የ12 ዓመት ልጅ በአስገድዶ መድፈር የደረሰባትን ግፍ ለዳኛውና ለጁሪው ስትናገር ሰማ። የልጅቱ አባት ደፋሪውን ቢገድለው ኖሮ ምን ይከተል ነበር? የሚል ጥያቄ በልቡ ቀረ።

ከዚያም ማለዳ ከሥራ በፊት እየተነሣ ለ3 ዓመት ያህል ጻፈ። ረቂቁን ብዙ አሳታሚዎች መለሱበት። በመጨረሻ በ1989 ዊንዉድ ፕሬስ የሚባል አነስተኛ አሳታሚ 5,000 ቅጂ አተመለት። ደራሲው ከዚህ ውስጥ 1,000ውን ራሱ ገዝቶ በየከተማው እየዞረ እንደሸጠ ይተርካል። መጽሐፉ ያኔ እምብዛም ሰው አላወቀውም። በ1991 ሁለተኛ ልብ ወለዱ «ዘ ፈርም» ወጥቶ በብዛት ሲሸጥ ግን አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ የመጀመሪያውን ፈለገው፤ እንደገናም ታትሞ በሰፊው ተሠራጨ። በ1996 በጆኤል ሹማከር አዘጋጅነት ፊልም ተሠራበት።

ይህ የኅትመት ታሪክ በራሱ ለአንባቢው መለያየት አንድ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው መጽሐፉን ያነበበው ፈጣኑን «ዘ ፈርም»ን ከጨረሰ በኋላ ነው። ያንኑ ዓይነት ሩጫ ጠብቆ ሲከፍተው የሚያገኘው ሌላ ነው፦ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ የትንሽ ከተማ ሐሜት፣ ምሳና መጠጥ የበዛበት፣ አንዱን ችሎት ከጥንስሱ እስከ ፍጻሜው የሚከተል ታሪክ።

የታሪኩ ፍሬ ነገር

መቼቱ ክላንተን የምትባል፣ ደራሲው በምናቡ የፈጠራት የሚሲሲፒ ከተማ ናት። ጊዜው 1985 ነው። ቶኒያ ሄይሊ የተባለች የ10 ዓመት ጥቁር ልጅ በሁለት ነጮች ተደፍራና ተደብድባ ለሞት ትቀርባለች። ሰዎቹ ይያዛሉ። አባቷ ካርል ሊ ሄይሊ ግን ሕግ ይፈርድልኛል ብሎ አያምንም። መሣሪያ ያፈላልጋል፤ ፍርድ ቤቱን አስቀድሞ ያጠናል፤ ሰዎቹ ከችሎት ሲወጡ ተደብቆ ጠብቆ ሁለቱንም ይገድላቸዋል። በተኩሱ መካከል አንድ ምንም ያላጠፋ ፖሊስ እግሩን ይመታል፤ እግሩም ይቆረጣል።

ካርል ሊን ለመከላከል የሚቆመው ጄክ ብሪጋንስ የሚባል ወጣት ነጭ ጠበቃ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ስም ፈላጊና የሥልጣን ሕልመኛ ነው። ጥቁሮችን በማሸበር የሚታወቀው ኩ ክላክስ ክላን ወደ ከተማዋ ይገባል፤ መስቀል ያቃጥላል፤ የጠበቃውም ቤት ይቃጠላል። አሥራ ሁለቱም የጁሪ አባላት ነጮች ይሆናሉ። የሙግቱ መስመር «ተከሳሹ ድርጊቱን ሲፈጽም አእምሮው ተቃውሶ ነበር» የሚል ነው። በመጨረሻም ጁሪው በዚሁ ምክንያት ነፃ ያወጣዋል።

ሕጉ እንዴት ይሠራል?

በክርክራችን ላይ ብዙ ጊዜ የፈጀው የሕጉን አሠራር አለማወቃችን ነበር። ስለዚህ ሦስት ነገር ግልጽ እናድርግ።

አንደኛ፣ ጁሪ ምንድን ነው? በአሜሪካ ከባድ የወንጀል ጉዳይ ሲታይ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስነው ዳኛው አይደለም፤ ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ባለ የነፍስ ግድያ ክስ ላይ 12 ይሆናሉ። ዳኛው ሥርዓቱን ይመራል፤ ሕጉን ያስረዳቸዋል። እነሱ ግን በር ዘግተው ይመካከራሉ፤ የደረሱበትንም ምክንያት ለማንም እንዲያስረዱ አይገደዱም። ተከሳሹን ነፃ ካሉት ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ውሳኔውን ማስቀልበስ አይችልም። ስለዚህ 12 ሰዎች ሕጉ እያለ «ልባችን አልቀበል አለው» ብለው ሰውን ቢለቁ የሚመልሳቸው የለም። በአገራችን ግን ማስረጃውን የሚመዝኑት፣ ፍርዱንም ከነምክንያቱ የሚጽፉት ዳኞች ናቸው። ይህን ልዩነት ሳይዙ የመጽሐፉን ፍጻሜ መመዘን ያስቸግራል።

ሁለተኛ፣ የአእምሮ መቃወስ መከላከያ ምንድን ነው? መሠረቱ በእንግሊዝ አገር በ1843 ዳንኤል ማክናተን በተባለ ሰው ጉዳይ የወጣው መመዘኛ ነው። መመዘኛውም ባጭሩ፦ ተከሳሹ በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚሠራው ምን እንደሆነ አያውቅም ነበርን? ወይስ ቢያውቅም ስሕተት መሆኑን መለየት አይችልም ነበርን? የሚል ነው። እንግዲህ ካርል ሊ መሣሪያ ፈልጎ፣ ቦታ መርጦ፣ ተደብቆ ጠብቆ ነው የተኮሰው። በዚህ መመዘኛ ከሄድን የሚሠራውን አሳምሮ ያውቅ ነበር። ደራሲውም ይህን አልደበቀንም። ለመከላከያ የቀረበው የአእምሮ ሐኪም እንኳ በመስቀለኛ ጥያቄ የቀድሞ ጥፋቱ ወጥቶበት በችሎት ፊት ይዋረዳል። ጁሪው ነፃ ያወጣው ሕጉ ስለ ፈቀደለት ሳይሆን ሊያወጣው ስለ ፈለገ መሆኑን አንባቢ ሁሉ ይረዳል።

ሦስተኛ፣ አሥራ ሁለቱም ነጮች እንዴት ሊሆኑ ቻሉ? ተከራካሪዎች ምክንያት ሳይሰጡ የተወሰኑ እጩዎችን ከጁሪው የማስወጣት መብት አላቸው። ጥቁር እጩዎችን በዘራቸው ምክንያት ብቻ በዚህ መንገድ የሚያስወጣን ዐቃቤ ሕግ ለመቋቋም የሚያስችል ግልጽ ሥርዓት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዘረጋው በ1986፣ «ባትሰን» በሚባለው ጉዳይ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

የአባትየው አለመታመንም ባዶ ጥርጣሬ አይደለም። በዚሁ በሚሲሲፒ በ1955 ኤሜት ቲል የተባለ የ14 ዓመት ጥቁር ልጅ ተገድሎ ሁለት ነጮች ተከሰሱ። ነጮች ብቻ የነበሩበት ጁሪ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ተመካክሮ ለቀቃቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱ ሰዎች ገንዘብ ተከፍሏቸው መግደላቸውን ለአንድ መጽሔት ተናገሩ። ይህን የሚያውቅ አንባቢ ካርል ሊን በአንድ ዓይን ያየዋል፤ ይህን የማያውቅ በሌላ ዓይን ያየዋል።

አንባቢ የሚለያይባቸው ነጥቦች

የመጀመሪያው የመጽሐፉ ጭብጥ ነው። «መጽሐፉ ደም መመለስን ያጸድቃል» የሚሉ አሉ። ከእኛም መካከል ይህን የያዙት ክርክራቸው ጠንካራ ነበር። በአገራችን ደም መላሽ የሚባለው ነገር ስንት ቤት እንደዘጋ ከአያቶቻችን ሰምተናል። አንዱ ለልጁ ሲል ይገድላል፤ የሟች ወንድም ደግሞ ለወንድሙ ሲል ይነሣል፤ ማብቂያ የለውም። «አባት አዝኗልና ይግደል ካልን ያላዘነ ማን አለ?» አሉን። እግሩን ያጣው ፖሊስስ? ሌላው አባት የሚገድለው ደግሞ በስሕተት የተጠረጠረ ሰው ቢሆንስ?

በሌላው ወገን የቆሙት «ደራሲው ግደሉ አላለም፤ ሕግ ለአንዱ ዘር ሠርቶ ለሌላው ሳይሠራ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ነው ያሳየን» ይላሉ። እዚህ ላይ አንዲት ዕጩ መምህርት የጠቀሰችው ተረት ሁላችንንም አሳሰበን፦ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ»። ሰው በቅሎውን በፍርድ ቢያጣ ይቀበላል፤ ቁራሽ እንጀራውን ያለ ፍርድ ሲነጠቅ ግን አይችልም ማለት ነው። ካርል ሊ የተነጠቀው ልጁን ነው፤ ፍርዱንም አስቀድሞ አጥቶታል። ይሁን እንጂ ያው ተረት ለተቃራኒውም ወገን ይሠራል፦ የተገደሉት ሁለቱ ሰዎችም የሄዱት ያለ ፍርድ ነው።

የአገራችን ሕግ በዚህ መካከል የሚይዘው ቦታ አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 እና 49 ስለ አእምሮ ሁኔታና ስለ ኃላፊነት ይደነግጋል። በአንቀጽ 541 ደግሞ ከባድ በሆነ መነሣሣት ወይም በብርቱ የስሜት ግፊት ተገፍቶ ነፍስ ያጠፋን ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ያደርጋል። ይህ ማለት ሕጉ የሰውን ሐዘን አይክድም፤ «ነፃ ነህ» ብሎም አይሸኘውም። ቀናት ቆጥሮ፣ መሣሪያ ፈልጎ ለገደለ ሰው ይህ አንቀጽ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ሆኖብናል። ለማንኛውም የእኛ ዳኞች «ገድሏል ወይስ አልገደለም» በሚሉት ሁለት በሮች መካከል አንድ ሦስተኛ በር አላቸው። በልብ ወለዱ ውስጥ ግን ጎልተው የሚታዩት የጋዝ ክፍሉና ነፃነት ብቻ ናቸው። ልባችንን የሚሰቅለውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ነጥብ «ታሪኩ የማን ነው?» የሚል ነው። ብዙ አንባቢዎች፣ በተለይም ጥቁር አሜሪካውያን ተቺዎች፣ መጽሐፉንና ፊልሙን የሚወቅሱበት ነገር አለ። ግፉ የደረሰው በጥቁር ቤተሰብ ላይ ነው፤ የታሪኩ ጀግና ግን ነጩ ጠበቃ ነው። የምናየው የእሱን ፍርሃት፣ የእሱን ቤት መቃጠል፣ የእሱን ዝና ነው። የሚመልሱት ደግሞ «የሕግ ልብ ወለድ ከጠበቃው ትከሻ ላይ ሆኖ ካልታየ በምን ይታያል? ደግሞም ደራሲው የሚያውቀውን ነው የጻፈው» ይላሉ። መልሱ ክብደት አለው፤ ቅሬታውን ግን ሙሉ በሙሉ አያነሣውም።

ሦስተኛው የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። መጽሐፉ የጀማሪ ደራሲ ሥራ መሆኑ ይታያል። የሚቆረጥ ብዙ አለው፤ አንዳንዱ ገጸ ባሕርይ መጥቶ ሳይፈለግ ይቀመጣል፤ ዘረኛ ስድቡም ገጽ በገጽ ነው። «ያለዚያ የዚያን አገር እውነት ማሳየት አይቻልም» የሚሉ እንዳሉ ሁሉ፣ «ተደጋግሞ ጆሮን አደነዘዘው» የሚሉም አሉ። ከእኛ ወገን ሁለት ልጆች በአንድ መቶኛው ገጽ ላይ አቁመውታል። ሌሎቻችን ደግሞ ይኸው አለመጠረቡ ነው የወደድንለት። በኋላ ሥራዎቹ ላይ የሴራው ሞተር በደንብ ተቀብቶ ይሽከረከራል፤ እዚህ ግን ደራሲው ራሱ ተናድዶ እንደጻፈ ይሰማል።

መጽሐፉና ፊልሙ

ከመካከላችን ፊልሙን ብቻ ያዩ ስለነበሩ አንድ ሙግት በከንቱ ረዘመ። በፊልሙ ውስጥ ጡዘቱ የጠበቃው የመዝጊያ ንግግር ነው። ጁሪው ዓይኑን እንዲጨፍን ይጠይቃል፤ በልጅቱ ላይ የደረሰውን አንድ በአንድ ይተርካል፤ በመጨረሻም ልጅቱ ነጭ እንደሆነች አድርገው እንዲያስቧት ይነግራቸዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ይህን የሚያደርገው ጠበቃው አይደለም። በተዘጋው የምክክር ክፍል ውስጥ አንዲት የጁሪ አባል ሴት ናት ጓደኞቿን ዓይናቸውን አስጨፍና ቆዳውን እንዲገለብጡት የጠየቀቻቸው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በፊልሙ ሰዎቹን የለወጣቸው የተማረ ሰው አንደበት ነው። በመጽሐፉ ግን የለወጣቸው ከእነሱ እንደ አንዷ የሆነች፣ ማንም ያልጠበቃት ሰው ናት። ለዚህም ነው መጽሐፉን ያነበቡና ፊልሙን ያዩ ሰዎች ስለ አንድ ታሪክ የሚያወሩ መስሏቸው ስለ ሁለት ታሪክ የሚሟገቱት። ከዚህ የተማርነው ነገር ቢኖር፣ ሂስ ከመስጠት በፊት «አንተ የትኛውን ነው ያየኸው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጭቅጭቅ እንደሚያስቀር ነው።

ያልጠየቅነው ጥያቄ

ክርክራችን በተጋጋለበት ሰዓት በዚያ ያልፉ የነበሩ አንድ መምህራችን ቆመው አዳመጡን። ሁለቱንም ወገን ከሰሙ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «የልጅቱ ስም ማነው?»

ዝም አልን። የጠበቃውን፣ የዐቃቤ ሕጉን፣ የዳኛውን ስም ሁሉም ያውቃል። የልጅቱን ስም ያስታወሱት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። «ስለ ሰውየው ሁለት ሰዓት ተከራከራችሁ። ልጅቱ ከዚያ በኋላ እንዴት ሆነች? ትምህርት ቤት ተመለሰች? ማን አነጋገራት? ይህን ያነሣ አልሰማሁም» አሉና ሄዱ።

እውነታቸውን ነው። ደራሲውን «ልጅቱን አስረስቶ ጠበቃውን አነገሠ» ብለን ስንወቅስ፣ እኛም ያንኑ ስናደርግ አመሸን። መጽሐፉ የተወለደው ከአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ቃል ነው። ልጅቱ በማታውቃቸው ሰዎች ፊት ቆማ ተናግራለች፤ አንድ ሰውም ሰምቷታል። እኛ ነገ በየወረዳው በየትምህርት ቤቱ የምንመደበው በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች ነው። ከእነሱ መካከል አንዷ በድንገት ዝም ያለች፣ ከትምህርት የቀረች፣ ጥግ የያዘች ብትኖር መጀመሪያ የምናያት እኛ ልንሆን እንችላለን። የአገራችን የወንጀል ሕግ ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ የሚፈጸመውን የግብረ ሥጋ በደል በአንቀጽ 627 ለብቻው ለይቶ ከባድ ቅጣት ደንግጎበታል። አንቀጹ ግን በራሱ እግር አይሄድም። ልጅቱን የሚሰማ፣ የሰማውንም ሳይሸፋፍን ለሚመለከተው የሚያደርስ ሰው ይፈልጋል። የካርል ሊ ጠመንጃ የተነሣው ይህ መንገድ ዝግ ነው ብሎ ስላመነ ነው። መንገዱን ክፍት ማድረጉ በከፊል የመምህር ሥራ ነው።

እንግዲህ መጽሐፉ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? በዝግጅት ክፍላችን ውስጥ እንኳ አልተስማማንም፤ ለመስማማትም አልቸኮልንም። የተስማማንባቸው ነገሮች ግን አሉ። ይኸውም ስለ አንድ መጽሐፍ ስንከራከር አንደኛ፣ መጽሐፉ በእርግጥ ያለውንና እኛ የጨመርንበትን እንለይ። ሁለተኛ፣ የተጻፈበትን አገር ታሪክና ሕግ እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ ገጸ ባሕርዩ ያደረገውንና ደራሲው የደገፈውን አንድ አድርገን አንይ። አራተኛውን ከመምህራችን ወስደነዋል፦ በታሪኩ ውስጥ ያልተናገረው ማን እንደሆነ እንፈልግ።

መጽሐፉ አሁን በሴቶች መኝታ ክፍል፣ በሁለተኛው ፎቅ ይገኛል። ቀጥሎ ማንበብ የሚፈልግ ተራውን ይያዝ። አንብቦ የተለየ ሐሳብ ያለውም ጽፎ ያምጣልን፤ በሚቀጥለው እትም እንለጥፈዋለን። የልጅቱን ስም ግን እንዳትረሱ፤ ቶኒያ ትባላለች።

ዝግጅት ክፍሉ